ፊቱ የጠፋ ሳንቲም

ከቦርደዴ አንድ ፎቶግራፍ በስልክ ደረሰዎ እንበል። በመዳፍ ላይ የተቀመጠ ክብ ብር ነው። በዘውዱ በኩል ሻሽ የደረበች ወፈር ያለች ሴት ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ ጉንጯና አፍንጫዋ ግን ተልገው ጠፍተዋል። በጎፈሩ በኩል ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ። ዳር ዳሩን ከተረፉት የላቲን ፊደላት መካከል «ኢምፕ» የሚሉት ሦስቱ በደንብ ይነበባሉ። ከፎቶው ሥር አጭር ጥያቄ ተጽፏል፦ «የጥንት ሮማ ነው አይደል?»

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። «ኢምፕ» የሚለው ምሕጻር በሮማ ቄሣሮች ሳንቲሞች ላይ ለማዕረግ መጠሪያ በየጊዜው ተቀርጿል። ንስርም የሮማ ጦር ዓርማ ነበር። ቢሆንም ከሐረርጌ የሚመጣ እንዲህ ያለ ፎቶ በአብዛኛው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ አባቶቻችን ጠገራ የሚሉት ነው። ሴትየዋ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦስትሪያን የገዛች ንግሥት ናት። ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ «የቅዱስ ሮማ ግዛት» ንጉሠ ነገሥት ስለነበረ እሷም «የሮማውያን እቴጌ» ተብላ በብሩ ላይ ተጻፈች። ፊደሉ አልዋሸም ማለት ነው፤ የሚናገርለት ሮማ ግን ሌላ ነው። የቄሣሮቹ ምዕራባዊ ሮማ ያ ብር ከመመታቱ ከ1,300 ዓመት በፊት ወድቋል።

ይህ ምዕራፍ ስላረጁ፣ ስለተላጉና ስለላሹ ሳንቲሞች ነው፤ ያውም በእጅ ሳይዳሰሱ በፎቶግራፍ ብቻ ስለሚታዩት። ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከፊቱና ከፊደሉ ነው። እኔ ይህ መንገድ የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ። ፊትና ፊደል ፈጥነው የሚጠፉ፣ ሲጠፉም ዓይናችን በምኞቱ የሚሞላቸው ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሳንቲሙ የት ተገኘ፣ ስንት ይመዝናል፣ ስፋቱ ስንት ነው የሚለው ነው። «ሮማ» የሚለው መልስ ሌሎቹ በሮች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ከቦታው እንነሣ። ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ ከወደ ደቡብ የጨርጨር ደጋ ይነሣል፣ ሽቅብ ሲወጣም ጭሮ ይገኛል። በዚህ አገር ቡናም፣ ከብትም፣ ጨርቅም ለረጅም ዘመን የተገዛው በጠገራ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ገንዘቡም አብሮ ተጓዘ። ከዚያ በፊት በግመልና በበቅሎ ከዘይላና ከሐረር ይገባ ነበር። ብሩ ሲያረጅ ወይ አንጥረኛ ያቀልጠዋል፣ ወይ ቀለበት ተበይዶበት በሴቶች አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከዚህ ወገን የመጣ ትልቅ የብር ክብ ጠገራ ሊሆን ይችላል የሚለው ግምት ፎቶው ሳይከፈት በፊት ሚዛን ይደፋል።

ፎቶግራፍ ከምንም በላይ የሚደብቀው መጠንን ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር ስፋቱ 40 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። የእሳቸው ግርሽ፣ ማለት የብሩ 20ኛ፣ ስፋቱ ከ17 ሚሊሜትር ያንሳል፤ ክብደቱ አንድ ግራም ተኩል አይሞላም። ሁለቱም ላይ በአንድ ወገን ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው ወገን አንበሳ አለ። በስልክ መስተዋት ላይ ለየብቻቸው ቢታዩ ግን አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። አጠገባቸው ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ ቢቀመጥ ክርክር የለም።

ማስመሪያው የቦርደዴውንም ጥያቄ ይመልስ ነበር። የሮማ ዋነኛ የብር ገንዘብ የነበረው ዲናር 4 ግራም የማይሞላ፣ ከ20 ሚሊሜትር የማይበልጥ ትንሽ ሳንቲም ነው። ትልቁ የናስ ሳንቲም ሴስተርስ 25 ግራም ያህል ቢመዝንም ብር አይደለም። አርባ ሚሊሜትር ሰፍቶ 28 ግራም የሚመዝን ብር በሮማ ገበያ አልዞረም። የገጠር ሱቅ ወይም የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ማስቀመጥ ከአሥር ፎቶ ይሻላል። በስልክ ላይ የሚጫኑት ሳንቲም ለዪ መተግበሪያዎችም በቆራጥነት ስም ይሰጣሉ፤ ሳንቲሙን ግን አልመዘኑትም፣ ጠርዙንም አላዩትም።

ሁለተኛው የፎቶ ችግር ብርሃን ነው። የስልክ መብራት ፊት ለፊት ሲበራበት ጥላ ይጠፋል፤ ጥላ ሲጠፋ ደግሞ ያለቀ ሳንቲም ልሙጥ ሳህን ይሆናል። መብራቱን አጥፍቶ ሳንቲሙን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ጠዋት ወይም ማታ ማንሣት ነው። ብርሃኑ ከጎን በዝቅታ ሲመጣ የፀጉር ያህል ከፍታ ያላት ፊደል እንኳ ጥላ ትጥላለች። ከዚያ ሳንቲሙን ሩብ ዙር አዙሮ እንደገና ማንሣት፤ ከግራ ሲበራ ያልታየው ፊደል ከላይ ሲበራ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። አንጎላችን ብርሃን ከላይ እንዲመጣ የለመደ ነው። በፎቶው ላይ ብርሃኑ ከታች ከመጣ ከፍ ያለው ጎድጉዶ፣ የጎደጎደው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የንግሥቲቱ ጉንጭ ጉድጓድ፣ ጭረቱም ፊደል ይመስላል። መድኃኒቱ ፎቶውን ማዞር ብቻ ነው። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል የመጣ እንዲመስል ሲደረግ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሙዚየሞች ይህንኑ ነገር አራቅቀው ይሠሩታል፦ ካሜራውን አንድ ቦታ ተክለው መብራቱን ብቻ እያዟዟሩ በርካታ ፎቶ ያነሣሉ፤ ከዚያ ኮምፒዩተር ያዋህዳቸውና አጥኚው ብርሃኑን በስክሪን ላይ ወደፈለገው አቅጣጫ ያዞረዋል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2001 በሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ በቶም ማልዝበንደርና በባልደረቦቹ የቀረበ ነው።

አሁን ወደ ሳንቲሙ ገላ እንግባ። ሳንቲም የሚያልቀው ከከፍታው ነው። ጉንጭ፣ ከጆሮ በላይ ያለ ፀጉር፣ ትከሻ፣ የአንበሳ ጭን፣ የንስር ደረት አስቀድመው ይላጋሉ። ከጠርዙ ሥር የተጠለሉ ፊደላት ብዙ ጊዜ ይቆያሉ፤ ስለዚህ በማሽን የተመታ ያረጀ ብር መሐሉ ልሙጥ ሆኖ ዳሩ ይነበባል። በመዶሻ የተመታ የጥንት ሳንቲም ግን ይህን የሚከላከል ከፍ ያለ ዳር የለውም፤ ማኅተሙ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለም ግማሹ ጽሑፍ መጀመሪያውኑ አልተመታም። ከንግግር እንደተቆረጠ ድምፅ ያለ ፊደል ካዩ አልቆ ነው ብለው አይፍረዱ፤ ምናልባት ጨርሶ አልነበረም።

ቀለበት የነበረበት ሳንቲም የራሱ ታሪክ አለው። የብየዳው ጠባሳ ወይም ቀዳዳው ከየትኛው አቅጣጫ እንደተንጠለጠለ ይናገራል። ከሁለቱ ፊቶች አንዱ ከሌላው እጅግ ከላሸ ደግሞ ያ ፊት ለዓመታት ከጨርቅና ከገላ ጋር ሲፋተግ ኖሯል ማለት ይቻላል። በገበያ እጅ ለእጅ የዞረ ሳንቲም በሁለቱም ወገን ይብዛም ይነስም እኩል ያልቃል።

የጠገራ ነገር ሰፋ ያለ ነው። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ በ9 ሉሎች የተከበበ ነው፤ የድሮ ነጋዴዎች ሉሎቹን እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። ከደረቷ በታች «ኤስ ኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ በጉንትስቡርግ ከተማ የሳንቲም መምቻ ቤት የነበሩ የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ፣ ስሞች መነሻ ናቸው። ንስሩ ባለሁለት ራስ ነው። በፎቶ ላይ ጭንቅላቶቹ ቢላጉ እንኳ ሁለት አንገት መቁጠር ይቻላል፤ የጥንት ሮማ ንስር አንድ አንገት ነው ያለው። ጠርዙ ላይ ደግሞ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ በጌጥ መካከል ጎልቶ ተቀርጿል። ላኪው ሳንቲሙን በቁሙ አስደግፎ ጠርዙን ቢያነሣው ፊቱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ይታወቃል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ሦስት ፎቶ የምጠይቀው፦ ዘውዱን፣ ጎፈሩን፣ ጠርዙን።

ዓመተ ምሕረቱ ግን አያስተማምንም። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ቀጠለ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻውን ማኅተም ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ ከተማ አስመታው። እነሆ፣ በዚህ መንገድ «የሮማ ሳንቲም» የሚለው ስም ለአንዳንዱ ጠገራ ሳይገባው አልቀረም! ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስና ቦምቤይም መትተውታል። አጥኚዎች የየአገሩን ሥራ የሚለዩት እንደ ንስሩ የጅራት ላባ አደራደር ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ያለቀ ብር ላይ ይህ ልዩነት ቀድሞ ስለሚጠፋ «ጠገራ ነው» ብሎ ማቆም ክብር እንጂ ውርደት የለበትም። እኛም ቤት ይህን የመሰለ ነገር አለ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነሐስ ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት እየተመቱ ቀናቸው 1936 ዓ.ም. ብቻ ነበር።

የምኒልክ ብር በመጠኑ ከጠገራ ጋር ሆን ተብሎ የተስተካከለ ነው። የመጀመሪያው በፓሪስ ተመትቶ 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ይዟል። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ስለሆነ ፲፰፻፹፯ ነው ወይስ ፲፰፻፹፱ የሚለው ባለቀ ሳንቲም ላይ ያከራክራል፤ ፯ እና ፱ አናታቸው ሲላጋ ይመሳሰላሉ። ያን ጊዜ ወደ አንበሳው ማየት ነው። እስከ 1889 በተመቱት ብሮች አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ነው፤ ከ1892 ጀምሮ ቀኙን። ሰውን ከሩቅ ፊቱ ሳይታይ በአካሄዱ እንደምንለየው፣ እግር ከቁጥር ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። ወደ የት ያያል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም አይረዳም፤ ማርያ ቴሬዛም፣ ምኒልክም፣ አብዛኞቹ የአክሱም ነገሥታትም ወደ ቀኝ ነው የሚያዩት።

ምንም ፊት የሌለበት፣ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስስ ሳንቲም ሲመጣ ነገሩ ወደ ሐረር ያዘነብላል። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን ከመያዛቸው በፊት የከተማይቱ አሚሮች መሐለቅ የሚባል ትንሽ ሳንቲም በራሳቸው ስም፣ በዐረብኛ ጽሕፈትና በሂጅራ ዓመት ያስመቱ ነበር። ላኪው ዐረብኛ የማያነብ ከሆነ ፎቶው ተዘቅዝቆ ይመጣል፤ አዙሮ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከዚያም የጠለቀ አለ። ከድሬዳዋ ብዙም በማትርቀው በሀርላ ገበሬዎች ሲያርሱ የቻይና ሳንቲምና የሸክላ ስብርባሪ ያገኙ ነበር፤ ቦታው የግዙፋን ሰዎች ከተማ ነበር የሚል ትረካም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቁፋሮ ውጤት ሲገለጽ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከማልዲቭስ፣ ከማዳጋስካር፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ እንዲሁም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ የተመቱ የነሐስና የብር ሳንቲሞች መገኘታቸው ታወቀ። እነዚያ ሳንቲሞች ቢላሹም ዋጋቸው አልቀነሰም፤ ከየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ከየትኛው አፈር እንደወጡ ተመዝግቧል። አንድ ገበሬ ኪሱ ውስጥ ከቶ ገበያ የሚያወርደው ያማረ ሳንቲም ያን ያህል አይናገርም።

ሮማስ? ይቻላል፤ ግን ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር መሄድ ያስፈልጋል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል እዚያ ለሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። በሰንዓፌ አጠገብ ባለችው መጠራ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ከወርቅ መስቀሎችና ከሰንሰለት ጋር አገኙ። የ2ኛውና የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቄሣሮች ሳንቲሞች ሲሆኑ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸዋል። መስቀሎቹ አብረው መኖራቸው ሀብቱ የተቀበረው አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ እንደሆነ ይነግረናል። የሳንቲሙ ዕድሜ ሌላ፣ የተቀበረበት ዘመን ሌላ።

እውነተኛው የሮማ ሳንቲም አልቆ ሲመጣ አጥኚው ፊቱን ትቶ ቅርጹን ይከተላል። ጢም ካለ ከቄሣር ሐድርያኖስ፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ117 በኋላ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት በአብዛኛው የተላጩ ናቸው፣ ከቆስጠንጢኖስ ጀምሮም መላጨት ተመለሰ። ራሱ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የቆሙ ሹል ነገሮች በትንሽ የብር ወይም ብር መሰል ሳንቲም ላይ ከታዩ ካራካላ በ215 ያስጀመረው ዓይነት ነው፣ የ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። በሉል ያጌጠ የራስ ማሰሪያ ከሆነ ወደ 4ኛው ዘመን ይወስዳል። የ4ኛው ዘመን ጥቃቅን ነሐሶች ጎፈር ደግሞ ጥቂት ሥዕል እየደጋገመ ነው የሚኖረው፦ በመሐላቸው ዓርማ የተከሉ ሁለት ወታደሮች፣ ሁለት ሕፃናት የምታጠባ ተኩላ፣ ከፈረስ የሚወድቀውን ጠላት በጦር የሚወጋ ወታደር። አንድም ፊደል ሳይተርፍ ጥላው ብቻ ይበቃል።

ከእነዚህ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚምታታው የእኛው የአክሱም ሳንቲም ነው። ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ዘመን በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ተመቷል፤ ወርቁም በግሪክ ፊደል ይጻፍ ስለነበር «ሮማ» ወይም «ቢዛንታይን» ተብሎ ያልፋል። የቆስጠንጢኖስ የወርቅ ሳንቲም፣ ሶሊደስ፣ 4 ግራም ተኩል ሲመዝን የአክሱም ወርቅ በኋለኛው ዘመን 1.6 ግራም ገደማ፣ የሱ ሲሶ ያህል ነው። አሁንም ሚዛኑ ቀድሞ ይናገራል። ሥዕሉም የራሱ ምልክት አለው። ንጉሡን ግራና ቀኝ የሚያቅፉት ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው፤ አናቱ ላይ በመጀመሪያ ጨረቃና ክብ፣ ከንጉሥ ዔዛና ክርስትና በኋላ መስቀል። በሮማ ሳንቲም ላይ ንጉሥ በእህል ዛላ ተከቦ አይታይም።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የወርቅ ቅቡ ነው። የአክሱም መቺዎች በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ፣ በመስቀሉ መሐል ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ቀጭን ወርቅ ያለብሱ ነበር። አረንጓዴ ዝገት በዋጠው ነሐስ መሐል ብልጭ የምትል ቢጫ ነጥብ በፎቶ ላይ ካዩ ሳንቲሙ የሮማ አለመሆኑን በዚያች ብልጭታ መናገር ይቻላል። ይህችው ቅብ ነች በአሸዋና በሎሚ ሲታሽ መጀመሪያ የምትጠፋው። የመን ውስጥ አል መዳሪባ በተባለ ቦታ ከአንድ ሺህ በላይ የአክሱምና የኋለኛው ሮማ ወርቅ በአንድ ላይ ተገኝቷል፤ የሁለቱ መንግሥታት ገንዘብ በአንድ ከረጢት ይኖር እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። የነጠላ ሳንቲም ፎቶ ብቻ ቢሆን ይህን ባልነገረን ነበር።

ሳንቲም ያገኘ ሰው ከአፈሩ ሳያነሣው ባለበት ፎቶ ቢያነሣው፣ ቦታውንና ጥልቀቱን በማስታወሻ ቢጽፍ፣ ከዚያ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሎ ቢያስቀምጠው ለአጥኚ ይበቃል። አይፋቅ፣ በሎሚም በአመድም አይታጠብ፣ አንጥረኛ ቤትም አይወሰድ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣን የማሳወቅና እስኪረከበው ድረስ እንዳለ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በአካባቢዎ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ፣ ሲሄዱም ሦስቱን ፎቶ፣ ማስመሪያው አጠገቡ እንዳለ፣ ይዘው ይሂዱ።